የጥናት ርእስ አመራረጥና የቀደምት ጽሑፎች ቅኝት፤ ከሸማ ሥራ ቃላት አንጻር

በመዝገበ ቃላትና በሙያ ቃላት ዝግጅት ለሚሰማራ ሰው ሁለቱ የመጀመሪያ ተግባሮች፣ ማለትም ርእስ መምረጥና በርእሱ ላይ ቀድሞ የተጻፈውን ማየት፣ አንዱ ከሌላው ተነጥለው የሚፈጸሙ አይደሉም። ብዙዎቻችን ግን ርእሱን አስቀድመን እንቆርጥና ንባቡን ለኋላ እናቆየዋለን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በጀማሪነቱ ዘመን የተሰናከለው በዚሁ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። ለሁለተኛው ተግባር በዩኒቨርሲቲ ጽሑፎች ዘወትር የሚታየው «ክለሳ ድርሳናት» ወይም «የተዛማጅ ጽሑፎች ክለሳ» የሚለው ነው። «ከለሰ» ግን ተማሪ የተማረውን ትምህርት ደግሞ ማየቱን፣ እንዲሁም አንዱን ነገር ከሌላው መደባለቅን ያስታውሳል። «ድርሳን»ም ለብዙው ሰው ድርሳነ ሚካኤልን በሐሳቡ ያመጣበታል። ከአጥኚው የሚጠበቀው መመርመርና መመዘን እንጂ መድገም ስላልሆነ፣ እዚህ «ቅኝት» የሚለው ተመርጧል። የክራር ቅኝት ይደርብብናል የሚል ቢኖር ተቃውሞው አግባብ ነው፤ ሆኖም አገርን መቃኘት የሚለው ፍች ይበልጥ የሚቀርብ ይመስላል።

«የአማርኛ የሙያ ቃላት» ብሎ የሚነሣ ተማሪ ርእስ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ሥራ ይዟል። «የሸማ ሥራ ቃላት» ሲል ስፋቱ ይቀንሳል፤ ግን ገና ጥያቄ የለውም። ጥያቄው የሚገኘው ከሥራው ሂደት ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል፤ አመልማሎው በእንዝርት ተፈትሎ በልቃቂት ይጠቀለላል። ከሸማኔው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ፈትሉ ድርና ማግ ተብሎ ይለያል፤ ማጉም በቀሰም ተጠቅልሎ በመወርወሪያ ውስጥ ይገባል። በልማድ እስከ ልቃቂት ያለው የሴቶች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የወንዶች ሥራ ነው። እንግዲህ ፈታዪቱና ሸማኔው ስለ አንዱ ፈትል ሲናገሩ በአንድ ቃል ይግባባሉን? አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ መሠረታቸው ከጋሞ ደጋ ነው፤ በእነርሱ አፍ ያለው የሙያ አማርኛ ከጋሞኛ ምን ወስዷል? ከእነዚህ አንዱን የመረጠ ሰው ርእስ አለው። ማንን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚያነብም ያውቃል።

አቅራቢው በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ጥቂት የፈትል ቃላትን «በየትኛውም መዝገበ ቃላት ያልሰፈሩ» ብሎ ነበር። በፈተናው ዕለት አንድ መምህር መጽሐፍ ይዘው መጡና ከመካከላቸው ሁለቱን ገልጠው አነበቡለት። አፍሮ ዝም አለ። መጽሐፉን አላነበበውም እንዳይባል አንብቦታል፤ የፈለገው ግን በማይገኙበት ቦታ ነበር።

ይህ ስሕተት ዛሬም ይደገማልና ምክንያቱን መዘርዘር ይበጃል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላትና የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ፊደልን የሚያስኬዱት በአበገደ ተራ ነው። በሀለሐመ የለመደ ዓይን በእነርሱ ውስጥ ይሳሳታል። ሁለተኛው የግሥ ጉዳይ ነው፤ አመልማሎን በ«አ» ሥር ፈልጎ ያጣ ሰው «መለመለ» የሚለውን ሳይከፍት «የለም» ሊል አይችልም። ሦስተኛው የሞክሼ ፊደላት ነው። «ሐር»ን የሚፈልግ በሀ፣ በሐና በኀ ሥር ሁሉ ማየት አለበት፤ አንዱ አዘጋጅ አንድ ያደረጋቸውን ሌላው በግእዙ ምንጭ ለይቶ ያስቀምጣቸዋልና።

ከዚህ የከበደው ግን የምስክሮች ዝምድና ነው። አንድ ቃል በአራት መጻሕፍት ተገኘ ማለት አራት ምስክር ተገኘ ማለት አይደለም። ኢግናሲዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1901 ሮም ላይ ያሳተመውን የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ረድተውታል። የግእዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩትም እኒሁ መምህር ናቸው፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ፈጸሙት፤ የኪዳነ ወልድ ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ቶማስ ኬን እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ በበኩሉ ከቀደሙት ብዙ ሰብስቧል። ስለዚህ በጉይዲ፣ በደስታና በኬን የተገኘ ቃል ከአንድ የትምህርት ቤት ግንድ የወረደ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1698 የታተመው የሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ከአባ ጎርጎርዮስ የተገኘ ነው፤ አንቷን ዳባዲም የ1881ዱን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው በአገሩ ዓመታት ቆይቶ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የተገኘ ማስረጃ ከሦስቱ ድግግሞሽ ይልቅ ሊመዝን ይገባዋል።

ጉዳዩ ለአጥኚው ማዕረግ ብቻ አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ መማሪያ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው በችኮላ አዲስ ስያሜ ሲፈጥር፣ ድርና ማግ እያለ ረጅም ሐረግ ሲያስቀምጥ ታይቷል። ያ ስያሜ አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ መመለስ ያስቸግራል፤ ተማሪው መጽሐፉን ያምናል፣ ፈታዪቱንም አይጠይቃትም። እርስዋ ደግሞ የፋብሪካ ፈትል ገበያውን ከያዘው ወዲህ እንዝርቷን አስቀምጣለች።

ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር። ቃሉ የሚጻፍበት ካርድ፣ በኮምፒዩተርም ቢሆን፣ የተገኘበትን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ያልተገኘበትንም ይያዝ። «አልተገኘም» ከሚለው ቀጥሎ በየትኛው ፊደል፣ በየትኛው ግሥ ሥርና በየትኛው እትም እንደ ተፈለገ ይጻፍ፤ ከነጠላው ፈላጊ በኋላ የሚመጣው ሌላ ሰው የቀረውን በር ያውቅ ዘንድ።