ቤት በሐራጅ ሲሸጥ፤ ወልድያና መርሳ በኅብረት ምን ሊሠሩ ይችላሉ?

ሰው ቤቱን አስይዞ ከባንክ መበደሩ ነውር አይደለም። ነጋዴው ሱቁን ያሰፋበታል፤ ባለ መኪናው ሁለተኛ አይሱዙ ይገዛበታል። ችግሩ የሚመጣው ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል የቀረ እንደ ሆነ ነው። ለመሆኑ በዚያን ጊዜ ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ አበዳሪ የሕጉን ሥርዐት ሳይጠብቅ መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድን ውል ዋጋ ቢስ አድርጎት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 97 ወጥቶ ለባንኮች የተለየ ሥልጣን ሰጣቸው፤ ይኸውም ለባለ ዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጡ በኋላ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ነው። ክስ ለዓመታት ከተጓተተ ባንኩ ለሌላው የሚያበድረውን ያጣልና የአዋጁ ሐሳብ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን 30 ቀን በሰላም ጊዜ ለሚነግድ ሰው እንኳ አጭር ነው፤ ጦርነት ባለፈበት አገርማ ምን ይባላል?

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ቆየች፤ መርሳና የቀረው የሀብሩ ወረዳም የዚያው ጦርነት ሜዳ ሆኑ። ሱቅ ተዘረፈ፤ ባንክ ተዘጋ፤ መንገድ ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ወለድ ግን በጠባዩ ጦርነት አያውቅም፤ ገበያ ቢዘጋም ይቆጠራል።

ታዲያ ስለ ምን በኅብረት? መርሳ ከወልድያ በአንድ አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የአንድ ሰው ቤቱ መርሳ፥ ሱቁ ወልድያ፥ ዋሱ ውርጌሳ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ዋሱንም ይዞ ይወድቃል፤ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ግን የሚያየው የራሱን ክልል ብቻ ነው። ሐራጅን የፈራ ሰው ደግሞ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሮጣል። አራጣ በወንጀል የሚያስቀጣ ቢሆንም፥ ብድሩ በሽያጭ ውል ተሸፍኖ ስለሚጻፍ ቤቱ ያለ ደወልና ያለ ማስታወቂያ ይሄዳል። ይህ ከሐራጅ የከፋ ነው።

ሊሠራ የሚቻለው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ መዝገብ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚጸናው ንብረቱ ባለበት ስፍራ በመዝገብ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ከተሞቹ የማንንም ስም ሳይገልጹ ስንት ቤት በዕዳ እንደ ተያዘ ደምረው ማወቅ ይችላሉ። የዕዳን ጊዜ ማራዘም አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው አዲስ አበባ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ነውና፥ በቁጥር የተደገፈ የኅብረት ደብዳቤ ከአንድ ነጋዴ ልመና ይልቅ ይሰማል።

ሁለተኛ፤ ምክር። ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው ወረቀቱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ቢደብቀው ቀኑ አይቆምለትም። ለየከተማው የሕግ ዐዋቂ መቅጠር ባይቻል፥ አንዱን በጋራ ቀጥሮ በገበያ ቀን ማዘዋወር ይቻላል።

ሦስተኛ፤ ሐራጁ ራሱ። የጎረቤቱን ቤት በሐራጅ መግዛት የሚያፍር ብዙ ነው፤ ተጫራች ሲያንስም ዋጋው ይወድቃል። ማስታወቂያው በሁሉም ከተሞች ቢለጠፍ ተጫራች ይበዛል፤ ከዕዳውና ከወጪው የተረፈውም ለባለ ቤቱ ይመለሳል።

አራተኛ፤ ቁጠባ። እድራችን ለሞት የቆመ ነው፤ ቤት ማጣትም ለቤተሰብ ከሞት ብዙ አይርቅም። አንድ እድር ይህን አይሸከምም፤ የየከተማው የቁጠባና ብድር ማኅበራት በዩኒየን ቢተሳሰሩ ግን ለሁለት ለሦስት ወር ክፍያ የሚሆን ብድር መስጠት አይከብዳቸውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ይህ በውጭ አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የቤት ብድር ሲናጋ፥ ከቺካጎ በስተ ምዕራብ ያሉት ቤልውድ፥ በርዊን፥ ፎረስት ፓርክ፥ ሜይውድና ኦክ ፓርክ ኅብረት መሥርተው ሠራተኛና የርዳታ ጥያቄ በጋራ ያዙ።

«የባንክ ገንዘብ የሕዝብ ቁጠባ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ነው። የሚጠየቀውም ምሕረት ሳይሆን ጊዜ ነው፤ በርካሽ ከተሸጠ ቤት ይልቅ ሠርቶ የሚከፍል ባለ ዕዳ ለባንኩም ይሻለዋል። እኛም የዚያ አገር ልጆች ለዕረፍት ስንገባ ከሠፈራችን እድር ዳኞች ጋር በዚህ ነገር ብንነጋገር መልካም ነው፤ ከማስጠንቀቂያው በፊት የተጀመረ ምክር ይደርሳል፤ ከሐራጁ በኋላ የተጀመረ ግን ልቅሶ ብቻ ነው።