ካፓብላንካን ያሸነፈው የፑንጃብ ልጅ



ቼዝ የሚጫወት ተማሪ የካፓብላንካን ስም ያውቃል። እርሱን ያሸነፈውን ሙስሊም፣ ሚር ሱልጣን ኻንን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሱልጣን ኻን የተወለደው ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው ሚታ ቲዋና ነው። ጨዋታውን ከአባቱ የተማረው በህንድ ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ወታደር ከመነሻው ሁለት ቤት መራመድ አይችልም። ስለዚህ ጨዋታው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ሁለቱ ወገኖችም ዘግይተው ይጋጠማሉ። የአውሮፓው ሕግ ግን ፈጣን ነው፤ በመክፈቻው የሳተ ሰው ገና በጠዋቱ ሊሸነፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1928 የመላው ህንድ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ሰር ዑመር ሐያት ኻን የተባሉ ባለርስት ወደ ለንደን ወሰዱት። በመጀመሪያው የልምምድ ውድድር ከግርጌ ቀረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን የብሪታንያን ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1932 እና በ1933ም ደገመው። የመክፈቻ ድክመቱን የሸፈነለት በጨዋታው መሃልና መጨረሻ ላይ የነበረው ትዕግሥት ነው። በ1930/31 የሄስቲንግስ ውድድር ካፓብላንካን ረታ። በ1931 ታርታኮወርን በግጥሚያ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ፕራግ ላይ ለእንግሊዝ በአንደኛ ጠረጴዛ ተሰልፎ ሩቢንስታይንን ድል አድርጎ ከዓለም ሻምፒዮኑ ከአሌኺን ጋር እኩል ወጣ።

ከሰር ዑመር ቤተሰብ ጋር የነበረችው ፋጢማም በ1933 የብሪታንያ ሴቶች ሻምፒዮን ሆናለች።

በ1933 መጨረሻ ሰር ዑመር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሱልጣን ኻንም አብሮ ተመለሰ፤ የአውሮፓ ውድድሩም በዚያው አበቃ። ያቆመው ችሎታው ስለቀነሰ አይደለም። በ1966 አረፈ። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን የክብር ግራንድማስተርነት የሰጠው በ2024 ነው።

በቼዝ ሑክም ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ቁማር ከገባበት ወይም ከሰላት ካዘናጋ ግን ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሌላ ነገር አለ። በሌላ ሥርዓት ተምሮ ዘግይቶ የመጣ ሰው አቅም አነሰው ማለት አይደለም። ከመድረሳ ወደ ግቢ የሚመጡ ወንድሞችና እህቶችም እንዲሁ ናቸው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ የሱልጣን ኻን መንገድ በአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ መንገዱም ተዘጋ። ተሰጥኦ ከአላህ ነው። ባለተሰጥኦውን መደገፍ ግን ለአንድ ባለሀብት የሚተው ሳይሆን የጀመዓው አማና ነው።