ከማኅፀን ውጭ የሚበቅለው ሽፋን

በወር አበባ ወቅት የሚሰማ ሕመም የሴትነት ዕጣ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ የተሰኘው በሽታ ስም ሳይወጣለት ለዓመታት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ግን በመውለጃ ዕድሜ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ ይታመሙበታል።

በዚህ በሽታ፣ የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ኅብረ ሕዋስ በእንቁልጢ፣ በአንጀት ወይም በሆድ ዕቃ ግድግዳ ላይ ይበቅላል። ኢስትሮጅን በተባለው ሆርሞን እየተቀሰቀሰም ብግነትና ጠባሳ ያስከትላል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መንሥኤው በማኅፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ የሚፈስስ የወር አበባ ደም ነው ብሎ ነበር። ይሁንና እንዲህ ያለው ፍሰት በአብዛኞቹ ሴቶች ስለሚታይ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ለምን እንደሚታመሙ ሐሳቡ ብቻውን አያስረዳም።

ምርመራውን የሚያከብደው የሕመሙ ጽናትና የቁስሉ ስፋት አለመመጣጠናቸው ነው። ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያለባት ሴት ከአልጋ መነሣት ሊሳናት ይችላል፤ ሰፊ ቁስል ያለባት ደግሞ ፅንስ እምቢ ሲላት ብቻ ትደርስበት ይሆናል። አልትራሳውንድ በእንቁልጢ ላይ የሚፈጠረውን ደም ያዘለ ከረጢት ያሳያል እንጂ ስስ ቁስሎችን ይስታል። ስለዚህ «ምርመራው ንጹሕ ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም።

ለረጅም ዘመን ማረጋገጫው በሆድ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማየት፣ ማለትም ላፓሮስኮፒ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ግን ቀዶ ሕክምና ሳይጠበቅ፣ በምልክቶቹ ተመርቶ ሆርሞናዊ መድኃኒት መጀመርን ፈቅዷል። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ በሽታውን አይነቅልም።

ታማሚዋ ሕመሙ የሚመጣበትን ቀን መዝግባ ብትቀርብ ሐኪሙን ታግዛለች። በሰገራ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ በኀፍረት የሚደበቅ ቢሆንም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ነው።