ድንቅ ተጫዋች፣ ያልቀናው አሠልጣኝ፣ የሚደመጥ ተንታኝ

ከክፍሉ በሒሳብ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ቤታችን ካለ ታናሹን እንዲያስጠናልን እንጠይቀዋለን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታላቅየው ‹‹ይኼማ ግልጽ ነው እኮ!›› እያለ ይጮሃል፤ ታናሽየው ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ታላቅየው ክፉ ሆኖ ወይም ታናሽየው ሰንፎ አይደለም። ማወቅና ማሳወቅ ለየቅል ስለሆኑ ነው።

ዌይን ግሬትስኪ ይህንኑ እውነት ሚሊዮኖች እያዩት የተማረ ሰው ነው። በበረዶ ላይ ሆኪ ታሪክ ወደር የለውም የሚባለው ይህ ካናዳዊ፣ መጫወት ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ሞከረ፣ አልቀናውም። በ60 ዓመቱ ደግሞ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆኖ ብቅ አለ። ከዚህ ታሪክ ጀርባ አንድ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ አባትና አንዲት ገበሬ አያት አሉ። ለዛሬው አምዳችን የመረጥነውም በእነሱ ምክንያት ነው።

ገናን ለሚያውቅ ሆኪ አይከብድም

በልጅነታቸው በገና ሰሞን ሩር በዱላ ሲያሳድዱ የዋሉ አንባብያን ጨዋታውን ለመረዳት አይቸገሩም። ሜዳው የረጋ በረዶ ነው፤ ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አጥልቀው ይንሸራተታሉ። በሩር ፋንታ ‹‹ፓክ›› የምትባል ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ አለች። በአንድ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ። ጎል ላስቆጠረም፣ ለጎል ላቀበለም እኩል አንድ ነጥብ ይመዘገብለታል። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን የልጅ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስልክ ደውላችሁ ‹‹ሆኪ ልምምድ ሄዷል›› ተብላችሁ ይሆናል።

ግሬትስኪ በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ከእ.ኤ.አ. 1979 እስከ 1999 በ1,487 ጨዋታዎች 894 ጎል አስቆጥሯል፤ 1,963 ጊዜ ደግሞ ለጎል አቀብሏል። አንድም ጎል ባያስቆጥር ኖሮ እንኳ፣ ባቀበላቸው ብቻ በነጥብ ከሌላው ተጫዋች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከኤድመንተን ኦይለርስ ጋር አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አንስቷል። ሲሰናበትም ሊጉ 99 ቁጥር ማልያን በየትኛውም ቡድን ማንም ዳግመኛ እንዳይለብሰው ወስኗል።

የጓሮው ትምህርት ቤት

ግሬትስኪ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1961 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ብራንትፎርድ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ዋልተር የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ደመወዛቸው አምስት ልጆች ለማሳደግ እንጂ ለቅንጦት የሚተርፍ አልነበረም። አያቱ ሜሪ ከዩክሬን ምድር የመጡ ስደተኛ ሲሆኑ ከከተማው ወጣ ብሎ እርሻ ነበራቸው። ሕፃኑ ዌይን ቤት ውስጥ ትንሽ ዱላ ይዞ ኳስ ሲመታ፣ አያት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ግብ ጠባቂ ሆነው ይመልሱለት ነበር። የዓለማችን ታላቅ የሆኪ ሰው የመጀመሪያ ጎሎቹን ያገባው በሴት አያቱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ልጁ አራት ዓመት አካባቢ ሲሞላው አባት ጓሮውን በውኃ አጥለቅልቀው አቀዘቀዙትና የበረዶ ሜዳ አደረጉት። ዋልተር ራሳቸው ሲያወሩት ምክንያታቸው ትልቅ ሕልም አልነበረም። ልጁ ከመናፈሻው ሜዳ አልወጣም እያለ እሳቸው ዳር ቆመው በብርድ መንቀጥቀጥ ስለሰለቻቸው ነው። ጓሮ ከሆነ ግን ከወጥ ቤቱ መስኮት፣ ሙቀት ውስጥ ሆነው ማየት ይችላሉ። እናቱ ፊሊስ በክረምት ብርድ የአትክልት ማጠጫ ለመግዛት ሲሄዱ ባለ ሱቁ ‹‹እኚህ ሴት ጤና የላቸውም›› ሳይል እንዳልቀረ ቤተሰቡ እየሳቀ ያወራዋል።

በዚያ ሜዳ ላይ ዋልተር ውድ መሣሪያ አላስገቡም። ቆርቆሮና ባዶ ዕቃ ይደረድራሉ፣ ልጁ ፓኳን እየገፋ በመካከላቸው ይጠማዘዛል። ዱላ መሬት ላይ ያጋድማሉ፣ ልጁ ፓኳን እያሻገረ ይዘላል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሳሎኑ ትምህርት ነው። በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተላለፍ ልጁ የሜዳውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ይሥልና ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል የፓኳን መንገድ በእርሳስ ይከተላል። ጨዋታው ሲያልቅ መስመሩ የተደራረበበት ቦታ ፓኳ ብዙ የምታዘወትርበት ነው። አባት አዘውትረው የሚነግሩትም ይህንኑ ነበር፤ ፓኳ ወደነበረችበት ሳይሆን ወደምትሄድበት ሂድ ማለታቸው ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሆኪ ላይ ብቻ አልነበረም። በረዶው ሲቀልጥ ቤዝቦልና ላክሮስ ይጫወት ነበር።

የሌሎች ወላጆች ጩኸት

ስድስት ዓመቱ ላይ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተሰለፈ። ማልያው ስለሰፋው አንዱን ጎን ሱሪው ውስጥ ይወሽቀው ነበር፤ ይህ ልማድ እስኪሰናበት ድረስ አልለቀቀውም። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው። አሥር ዓመቱ ላይ ግን በአንድ የውድድር ዘመን 378 ጎል አስቆጠረ።

ታዲያ ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሌሎች ልጆች ወላጆች ተነሱበት፤ ኳስ አያቀብልም፣ ከልጆቻችን የበለጠ ይጫወታል እያሉ አጉረመረሙ፣ ከመቀመጫቸው ጮኹበት። አንድን የአሥር ዓመት ሕፃን ያሸማቀቁት ተጋጣሚዎቹ ሳይሆኑ አዋቂዎች ነበሩ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በ14 ዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ በሰላም ለመጫወት ወደ ቶሮንቶ ሄደ። ለአባትና ለእናት ከባድ ውሳኔ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ሜዳ ዳር ቆመን በሰው ልጅ ላይ ድምፃችንን ከፍ የምናደርግ ሁሉ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ብናነበው አይከፋም።

አሠልጣኝነት፦ አራት ዓመት፣ ብዙ ሽንፈት

ግሬትስኪ እ.ኤ.አ. በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ የካናዳን ቡድን በኃላፊነት አዋቅሮ የወርቅ ሜዳሊያ ሲገኝ፣ አመራሩም ይዋጣለታል ተባለ። በ2005 ከባለድርሻዎቹ አንዱ የሆነበትን የፊኒክስ ኮዮቲስ ቡድን በዋና አሠልጣኝነት ተረከበ። ከዚያ በፊት አንድም ቡድን አሠልጥኖ አያውቅም።

ጅማሬው በሐዘን የታጀበ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ እናቱ ፊሊስ በሳንባ ካንሰር አረፉ፤ እሱም ቡድኑን ለረዳቶቹ ትቶ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ ነበር። በአራት የውድድር ዘመን 143 ጊዜ አሸነፈ፤ 161 ጊዜ በመደበኛ ሰዓት፣ 24 ጊዜ ደግሞ በጭማሪ ተሸነፈ። ቡድኑ አንድም ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ አልደረሰም። በ2009 ድርጅቱ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ ግሬትስኪም በዚያው ዓመት መስከረም ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በሊጉ አላሠለጠነም።

ቡድኑ ደካማ እንደነበርና ገንዘብ እንዳልነበረው አይካድም። ሆኖም አብሮ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። እሱ ሜዳ ላይ በቅጽበት የሚያየውን ክፍተት ሌላው በአሥር ልምምድም ላያየው ይችላል። አባቱ ግን ታላቅ ተጫዋች አልነበሩም። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ከፋፍለው፣ ቆርቆሮ ደርድረው፣ በእርሳስ አስምረው ማሳየት ነበረባቸው። ከችግር የመጣ የማስተማር ዘዴ ነው። ልጅየው ሁሉ ነገር ቶሎ ስለገባው ይህን የከበደ ጎዳና ራሱ አልተጓዘበትም። ይህ የእኛ አተያይ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ ቤት ልምድ ጋር የሚገጥም ይመስለናል።

አባት ሲሄዱ የተከፈተ በር

ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1991 በአንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ከሞት ተርፈዋል። ይሁንና የልጃቸው ዝና የደመቀባቸው የ1980ዎቹ ዓመታት ትዝታ በአብዛኛው ከአእምሯቸው ተፋቀ። ሌሎች ያደነቁትን የልጃቸውን ገድል እሳቸው ከሰው አፍ የሚሰሙት ሆነ። ያም ሆኖ ከታዳጊዎች ሆኪና ከበጎ አድራጎት ሥራ አልራቁም፤ አገራቸውም የካናዳ ኒሻን ሸልማቸዋለች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2021 በ82 ዓመታቸው አረፉ፤ በቀብራቸው ላይ ስለ እሳቸው የተናገረው ዌይን ነበር።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግሬትስኪ በአሜሪካው ቲኤንቲ ቴሌቪዥን የሆኪ ተንታኝ እንደሚሆን ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምትም ሥራውን ጀመረ። በስቱዲዮው አብረውት ከተቀመጡት አንዱ ፖል ቢሶኔት ነው። ቢሶኔት በሊጉ በ202 ጨዋታዎች ያገባው 7 ጎል ብቻ ነው፤ በአንደበቱና በቀልዱ ግን ተመልካች ይወደዋል። 894 ጎል ያለውና 7 ጎል ያለው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እኩል ይጠየቃሉ። ሌላው ባልደረባው ሪክ ቶኬት ደግሞ በፊኒክስ የግሬትስኪ ረዳት የነበረ ሲሆን፣ በ2023 ከስቱዲዮ ተነስቶ የቫንኩቨር ቡድንን ለማሠልጠን ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት የሊጉ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። ለአንዱ መውጫ የሆነው በር ለሌላው መግቢያ ነበር ማለት ነው።

ተንታኝነት ለግሬትስኪ የተስማማው ያለ ምክንያት አይደለም። አሠልጣኝ ሌላው እንዲሠራው ማድረግ አለበት፤ ተንታኝ ግን ያየውን መናገር ብቻ ይበቃዋል። ማየት ደግሞ ከሳሎኑ ወለል፣ ከእርሳስና ከወረቀት የጀመረ ሙያው ነው።

የክብረ ወሰን ነገርም መጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 2025 ሩሲያዊው አሌክስ ኦቬችኪን 895ኛ ጎሉን አስቆጥሮ የግሬትስኪን የጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ግሬትስኪ እዚያው ስታዲየም ተገኝቶ እንኳን ደስ አለህ ብሎታል። በ1989 እሱ የነጥብ ክብረ ወሰን ሲሰብር የልጅነት ጀግናው ጎርዲ ሃው በቦታው ተገኝተው አክብረውት ነበር። ከታላቁ ያየውን ለታናሹ አደረገ።

ለቤታችን የሚተርፍ

ከዚህ ቤተሰብ የምንወስደው ልጃችንን ግሬትስኪ የማድረጊያ ዘዴ አይደለም። የእሱ የራሱ ልጅ ትሬቨር እንኳ ቤዝቦል መርጦ በ2011 በቺካጎ ከብስ ቡድን ተመርጧል።

ይልቅ የሚከተሉትን ብናስብ ይጠቅመናል። ልጅን ለማስተማር የግድ ከእሱ መብለጥ አያስፈልግም፤ ዋልተር አልበለጡም። አያት ወንበር ላይ ተቀምጠውም ጨዋታ ውስጥ መግባት ይችላሉ። በአንድ ሙያ የተዋጣለት ሰው በሚቀጥለው ቢሰናከል ውርደት የለውም፤ ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶችም በ60 ዓመት አዲስ ሥራ መጀመር ነውር እንዳልሆነ ያያሉ። በልጅነቱ ጎበዝ የነበረ ልጅ በጉርምስናው ቢደክም ደግሞ፣ ‹‹ድሮ እንዲህ ነበርክ›› ከማለት አሁን የሚችለውን መፈለግ ይበጃል።

ዛሬ ወይም ነገ ልጆች ኳስ ሲያዩ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉና ‹‹አሁን ኳሱ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?›› ብለው ይጠይቁ። ቢሳሳቱም ግድ የለም፤ መልሱን ከእነሱ አፍ ይስሙ።