ቡቺ ለምን ሳያጉረመርም ነከሰ?

ባለፈው ኅዳር የዓመት ፈቃዴን ይዤ ዳሪሙ ወላጆቼ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ቀን ነው ነገሩ የደረሰው። በኢሉባቦር የቡና ለቀማ ወቅት ነበርና ግቢው በማድረቂያ አልጋ ተሞልቷል፤ ትልቅ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቡናው ላይ ነው። የስድስት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ኳሷን ተከትላ ወደ ጎተራው ጥግ ሮጠች። ውሻችን ቡቺ እዚያ ተኝቶ አጥንት ይግጥ ነበር። ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት ወጥቶ ደም ይፈስ ነበር።

ሁላችንም አንድ ነገር ደጋገምን። “ሳያጉረመርም! ምንም ምልክት ሳያሳይ!”

እናቴ ጊዜ አላጠፋችም። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጠበችውና ልጅቷ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ተወሰደች፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትም ተጀመረላት። ባለሙያው አንድ ነገር አጥብቆ አሳሰበን፦ ውሻውን እንዳትገድሉት፣ አስራችሁ ለአሥር ቀን ተከታተሉት። ሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል።

አባባ ተስማሙ። “አሥር ቀን ይቆይ” አሉ። “ከዚያ በኋላ ግን ልጅ የነከሰ ውሻ በግቢዬ አይውልም። ይወገዳል።” “ይወገዳል” ማለት ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቡቺ አራት ዓመት ቡናችንን ከጦጣና ከሌባ የጠበቀ ውሻ ነው። የቀረኝ ፈቃድም አሥር ቀን ነበር። ማታ ወንድሜን “ይህ ውሻ መቼም አያጉረመርምም እንዴ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ድሮማ አጥንት ይዞ ከተጠጋነው ያጉረመርም ነበር” አለኝ። “አባባ በዱላ አስተዉት።”

መልሱ ይኸው ነበር። ዱላው ያስተወው ማጉረምረሙን ነው፤ “አጥንቴን ሊወስዱብኝ ነው” የሚለው ፍርሃቱ ግን እንዳለ ቀረ። ማጉረምረም የውሻ “እባክህ አትጠጋኝ” ነው። ይህን ስላለ የተደበደበ ውሻ ቃሉን ይተውና በቀጥታ ወደ ጥርሱ ይሄዳል። ሳናውቀው ማስጠንቀቂያውን ነጥቀነው ነበር።

ዱላ ምን ያስተምራል?

አብዛኞቻችን ያደግነው “ውሻ ካልተመታ አይገባውም” ሲባል እየሰማን ነው። በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚሉት ግን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር 364 የውሻ ባለቤቶች ተጠይቀው ነበር። በሽልማት የሚያሠለጥኑት ውሾቻቸው የበለጠ ታዛዥ እንደሆኑ ሲናገሩ፣ ቅጣት የሚያዘወትሩት ደግሞ ብዙ የባህርይ ችግር እንዳለባቸው ገልጸዋል። በ2009 የአሜሪካው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስቸጋሪ ውሻ ይዘው ወደ ክሊኒክ የመጡ ባለቤቶችን ጠየቁ። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት መካከል 43 በመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። በ2020 ደግሞ በፖርቱጋል 92 ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በቅጣት የሚሠለጥኑ ውሾች ከሥልጠና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይቷል።

ነገሩ ለእኛ ከውሻው ምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚደርሱት በውሻ አማካይነት ነው፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው። ስለዚህ እንዳይነክስ ተደርጎ ያደገና በየጊዜው የተከተበ ውሻ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

ሽልማት እንዴት ይሠራል?

ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነበር። በዓለም የታወቀው ግን ውሾቹ ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚያሳይ ድምፅ ሲሰሙ፣ ምግቡን ሳያዩ ምራቃቸው መፍሰስ እንደሚጀምር በማስተዋሉ ነው። ውሻ ሁለት ነገሮች እየተከታተሉ ሲመጡ ያገናኛቸዋል። እርስዎ ሲጠጉ ሁልጊዜ መልካም ነገር ከመጣ መምጣትዎን ይወደዋል። እርስዎ ሲጠጉ አጥንቱ የሚወሰድ ወይም ዱላ የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ መምጣትዎን ይፈራዋል።

እኔ አዲስ አበባ የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። ደንበኛ ወደ አንድ ሱቅ የሚመለሰው ባለፈው ጊዜ መልካም ነገር ስላገኘበት ነው፤ ተገፍቶ የገባ ደንበኛ በሩ ሲከፈት ይወጣል። ከቡቺ ጋር ስቀመጥ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም።

ትልቁ ምስጢር ጊዜው ነው። ሽልማቱ ውሻው የሚፈለገውን ባደረገ በአንድና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ታንዛኒያ ሞሮጎሮ የሚገኘው አፖፖ የተባለ ድርጅት ግዙፍ አይጦችን ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ እንዲያሸቱ የሚያሠለጥነው በዚሁ መንገድ ነው። አይጡ ትክክለኛውን ሽታ ሲያገኝ “ጠቅ” የምትል ድምፅ ይሰማል፣ ወዲያው ሙዝ ይቀምሳል። ዱላ የለም። አይጥ በሙዝ ይህን ከተማረ ለዘመናት ከሰው ጋር የኖረ ውሻ እንዴት ያቅተዋል?

አሥሩ ቀናት

ቡቺ ጎተራው ጥግ በሰንሰለት ታስሯል። መጀመሪያ ያደረግሁት ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ለክቼ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ መሬቱ ላይ በአመድ መስመር ማስመር ነበር። ማንም መስመሩን አያልፍም። ልጆች ደግሞ ወደዚያ አቅጣጫም አይሄዱም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሥራዬ ማለፍ ብቻ ነበር። ቡቺ ሲበላ ከመስመሩ ብዙ ርቄ አልፍና የተቀቀለ ሳምባ ቁራጭ ወደ ሳህኑ እወረውራለሁ። ሳልቆም፣ ዓይን ዓይኑን ሳላይ መንገዴን እቀጥላለሁ። መጀመሪያ ላይ ስጠጋ ሰውነቱ ይደርቅ፣ አንገቱን ሳህኑ ላይ ይደፋና መብላቱን ያፋጥን ነበር። ይህም እንደ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኛ ግን ለዓመታት አላየነውም። እንዲህ ሲሆን ካየሁ በሚቀጥለው ጊዜ ራቅ ብዬ አልፋለሁ።

በአራተኛው ቀን የእግሬን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ ጅራቱን አወዛወዘ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በግማሽ እርምጃ ቀረብኩ። በሰባተኛው ቀን “ና” ስለው ሳህኑን ትቶ ወደ መስመሩ መጣ፤ ሳምባውን ወረወርኩለትና ወደ ምግቡ እንዲመለስ ተውኩት። ይህ የመጨረሻው ነገር ወሳኝ ነው። ውሻው ትቶት የመጣው ነገር ሲመለስ እዚያው ካገኘው “መተው ማጣት አይደለም” ብሎ ይማራል።

አባባ ይህን ሁሉ ከበረንዳው ያዩ ነበር። በአምስተኛው ቀን “ልጅ የነከሰን ውሻ ሥጋ እያበላሽ ታቀብጪዋለሽ!” አሉኝ። ጥያቄያቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፦ የምሸልመው ስለነከሰ አይደለም፤ ሰው ሲጠጋው ስለተረጋጋ ነው። በውሻ ዘንድ ሽልማት የሚያጠናክረው ከእሱ በፊት የተደረገውን ነገር ነው።

ሁለተኛ ሥጋታቸው “ከሰው እጅ የለመደ ውሻ ሌባ አያስነሳም” የሚል ነበር። ለባዕድ ሰው መጮህ ግን የውሻ ተፈጥሮ ነው። ሽልማቱ የሚጨምርለት ባለቤቱ ሲጠራው መመለስን ነው። ሲጮህ ሰምተው “ይበቃል፣ ና” ሲሉት የሚመጣ ውሻ፣ እንግዳውንም ጎረቤቱንም ሳይለይ ከሚናከስ ውሻ የተሻለ ጠባቂ ነው።

እርስዎም በቤትዎ ይጀምሩ

ይህ ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ይበሉ።

ቃሉን አንድ ያድርጉት። በእኛ ቤት እናቴ “ኮቱ” ትላለች፣ ወንድሜ “ና” ይላል፣ ልጆቹ ያፏጫሉ። ለውሻው ኦሮምኛም አማርኛም እኩል ነው፤ የሚያስቸግረው ለአንድ ነገር ሦስት ቃል መኖሩ ነው። ቤተሰቡ ተስማምቶ አንዱን ይምረጥ።

ሽልማቱን ትንሽ ያድርጉት። ከባቄላ ፍሬ ያልበለጠ ቁራጭ ይበቃል። የተቀቀለ ሳምባ ወይም ጉበት ጥሩ ነው፤ በጾም ወቅት የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ ወይም ድርቆሽ ይሠራል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዛማ ስለሆኑ ወጥ ያለበትን ፍርፋሪ አይስጡ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰባብሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቡናና ቸኮሌትም ይጎዱታል፤ ቡና በሚሰጣበት ግቢ ይህ በተለይ አይረሳ።

ከ“ተቀመጥ” ይጀምሩ። ሽልማቱን ከአፍንጫው ትንሽ ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውሰዱት። ዓይኑ ሲከተለው ወገቡ በራሱ ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት በነካበት ቅጽበት “ጎበዝ!” ይበሉና ይስጡት። ቃሉን የሚጨምሩት እንቅስቃሴውን ከለመደ በኋላ ነው። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ በቂ ነው።

ጠርተው አይቅጡ። ዶሮ ያባረረን ውሻ “ና” ብለው ጠርተው ከመቱት፣ ውሻው የሚማረው ሲጠሩት መምጣት እንደሚያስመታ ነው። ዘግይቶም ቢመጣ ያመስግኑት።

ማጉረምረሙን አይቅጡ። ሲያጉረመርም ቆም ይበሉ፣ ራቅ ይበሉ፣ ምን እንዳስፈራው ይመልከቱ። ችግሩን በሌላ ጊዜ፣ በርቀትና በሽልማት ይፍቱት።

ልጆችን ያስተምሩ። የሚበላ፣ የሚተኛ ወይም ቡችላ የምታጠባ ውሻ አይነካም። ምግብ ላይ የሚቆጣን ውሻ ማሠልጠን የአዋቂ ሥራ ነው፤ ለልጅ አይተውም። ሰው ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ካለዎት ደግሞ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ሕመምም ውሻን ቁጡ ያደርገዋል።

አሥረኛው ቀን

ቡቺ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ነበር። የልጅቷ ቁስልም ደርቋል፤ ውሻ ስታይ ግን አሁንም የእናቷን ቀሚስ ትይዛለች። ይህ ከክትባት በላይ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው፤ ማንም እንድትነካው አይገፋፋትም።

አሥር ቀን ውሻን አይለውጥም፤ እኛም ቡቺ “ዳነ” አላልንም። በማለዳ አባባ ከጎተራው ወዲያ ባለው ጥግ ላይ እንጨት ሲተክሉ አገኘኋቸው። “ከአሁን በኋላ አጥንት የሚበላው ከዚህ አጥር ውስጥ ነው” አሉ። “ልጆች እንዳይገቡ በር እሠራለታለሁ።” ስለመወገድ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከወር በኋላ ስልክ ደወሉልኝ። ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ተጨዋወትን። ሊዘጉ ሲሉ “ያ ውሻሽ ዛሬ አጉረመረመ” አሉኝ።

ልቤ ደነገጠ። “በማን ላይ?”

“በዶሮ። ከአጥሩ ሥር ገብታ ወደ ሳህኑ ተጠጋችበት።”

“ታዲያ ምን አደረጉ አባባ?”

“ምን አደርጋለሁ” አሉ፤ “ዶሮዋን አባረርኳታ።”