ከእንጀራው ወይስ ከወጡ?

ሐዋሳ ላይ ክብደት ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ይሰማል። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጂም ቢገባ «እንጀራና ዳቦውን ተው፣ ሥጋና እንቁላል ብላ» ይባላል። ቤት ሲመለስ ደግሞ «ቅቤውንና ዘይቱን ቀንስ እንጂ እንጀራ ማንን ገደለ?» የምትል እናት ትጠብቀዋለች። አሠልጣኙም እናቲቱም ያመጡት አዲስ ነገር የለም። ሙግቱ ከተጀመረ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈጻሚ፣ ሐኪሙ የከለከለውን ምግብ ትቶ እንዴት እንደከሳ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከተከለከሉት መካከል ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ነበሩ። የዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት አመጋገብ ደጋፊዎች ባንቲንግን እንደ አባታቸው ቢያዩትም ዝርዝሩ ላይ ቅቤና ወተትም እንደነበሩበት ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ዛሬ «ኬቶ» የሚባለው፣ ካርቦሃይድሬትን እጅግ የሚቀንሰው አመጋገብ ደግሞ ጭራሽ ለውፍረት አልተፈጠረም፤ በ1921 ራስል ዋይልደር የተባለ የሜዮ ክሊኒክ ሐኪም ያቀረበው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ነው።

ቅባት የተወነጀለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ የልብ ሕመምን ከቅባት፣ በተለይም ከሚረጋው ቅባት ጋር አያያዘው፤ በ1961 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ሐሳቡን ተቀበለ፤ በ1977 አንድ የሴኔት ኮሚቴ ለሕዝብ ምክር አደረገው። ከዚያ በፊት በ1972 ሮበርት አትኪንስ የተባለ ሐኪም ተቃራኒውን የሚሰብክ መጽሐፍ አውጥቶ ነበርና ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ አልታረቁም። የአትኪንስ ወገን አንድ እውነት ይዟል፦ ፋብሪካዎች ቅባቱን አውጥተው ስኳር ሲጨምሩበት ሰው «ቅባት የለውም» እያለ ያንኑ ያህል ኃይል ይበላ ነበር።

እንጀራ የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወጣ ይደነቃል። የሚደነቀው ግን ባብዛኛው በውኃ ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን የሚባል የካርቦሃይድሬት ክምችት በየግራሙ 3 ግራም ገደማ ውኃ ይይዛል። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውኃውም በሽንት ይወጣል። ስቡ ገና እዚያው ነው። ሰውየው በበዓል አንድ ቀን ዶሮ ወጥ በእንጀራ በልቶ በማግስቱ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ ብሎ ተስፋ የሚቆርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከውኃው በኋላ ያለውን ለመመዘን ረዘም ያለ ጥናት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እነ ክሪስቶፈር ጋርድነር 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በሁለቱም ወገን ብዙ የከሳ፣ ምንም ያልቀነሰ፣ አልፎም የወፈረ ሰው ነበረ። የጋራ ትእዛዛቸው ስኳርና የነጣ ዱቄት መቀነስ፣ አትክልት ማብዛት ነበር። እኔ የማምነው ሥራውን ባብዛኛው የሠራው ይኸው የጋራ ትእዛዝ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኬቨን ሆል የመሩት የአሜሪካ ቡድን 20 ሰዎችን በተቋም አስቀምጦ፣ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ፈቅዶ፣ ሁለት ሁለት ሳምንት እያፈራረቀ ሁለቱንም አመጋገብ ሰጣቸው። ካርቦሃይድሬቱ በበዛበት፣ ቅባቱ ባነሰበት ጊዜ በቀን 700 ካሎሪ ገደማ ያነሰ በሉ፤ ኢንሱሊናቸው ከፍ ቢልም አልወፈሩም። ይህ «ካርቦሃይድሬት ኢንሱሊን ያወጣል፣ ኢንሱሊን ያወፍራል» የሚለውን አጭር ስብከት ክፉኛ ያናጋል።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ግን ድንች ለብቻው፣ ሥጋ ለብቻው በሚቀርብበት ማዕድ ላይ ነው። የእኛ ትሪ እንዲህ አይለያይም። ወጥ በማንኪያ የሚበላ ሰው እምብዛም የለም፤ የሚጠቀለለው በእንጀራ ነው። አንድ እንጀራ የተወ ሰው አብሮት የሚገባውን ቁሌትና ዘይትም ትቷል። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የሽሮ ድስት ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚፈስ ቆጥሮ የሚሠራ ባለሙያ አላየሁም። ስለዚህ «እንጀራ ትቼ ከሳሁ» የሚለው ሰው አልዋሸም፤ ምስጋናውን ግን ለእንጀራው መቅረት ብቻ መስጠቱ ያጠራጥረኛል። በሌላ በኩል፣ በጥብቅ ኬቶ የሚፈቀደው ካርቦሃይድሬት ባብዛኛው በቀን ከ50 ግራም በታች ስለሆነ አንድ ሙሉ እንጀራ ገደቡን ያልፋል። እንጀራን አስቀርቶ ኢትዮጵያዊ ማዕድ ላይ መሰንበት ደግሞ የጥቂት ሰው ጽናት ነው።

የሲዳማ ማዕድ ነገሩን የበለጠ ያሳያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በመዘገበው በፍቼ ጨምበላላ በዓል የሚቀርበው ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ይሠራል። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ካርቦሃይድሬት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ፣ ቅባቱም ከቁጥር የማይገባ ነው። ቅቤው፣ ወተቱ፣ አይቡና ጎመኑ የሚጨመሩት ለጣዕም ብቻ ሳይሆን የጎደለውን ለመሙላት ነው። ያን ማዕድ የሚበላው ገበሬ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የሚውል ሰው ነበር። ከተማ ገብቶ ወንበር ላይ የሚውለው፣ ለሁለት ፌርማታ መንገድ ባጃጅ የሚይዘው ልጁ ያንኑ ቆጮ ከዚያው ያህል ቅቤ ጋር ሲበላ ነው ቦርጩ የሚመጣው። ጥፋተኛውን ከቆጮና ከቅቤ አንዱን መርጦ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ቅቤ ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት የቤቱን ጀሪካን ማየት ይሻላል። ወደ አገር የሚገባው የምግብ ዘይት ባብዛኛው የፓልም ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በሙቀት ማነስ የሚረጋ ቅባት ነው፤ የንጥር ቅቤም ከግማሽ በላይ እንዲሁ ነው። ለክብደት ሁሉም ዘይት እኩል ካሎሪ አለው፤ ለኮሌስትሮል ግን ልዩነት አለ፤ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት በእነዚህ ቦታ ሲተካ መጥፎው ኮሌስትሮል ይቀንሳል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም የሚረጋ ቅባታቸው የበዛ ዘይቶችንና ስኳርን በታክሱ ውስጥ አካቷል። ኬቶ ይዞ ክትፎ በንጥር ቅቤ የሚያዘወትር ሰው ሚዛኑ ሲወርድ እያየ ደሙን ሳያስመረምር መቆየት የለበትም።

ሐዋሳ ብዙ ከተማ የማያገኘው መፍትሔ በደጇ አለ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ ቅባቱ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ ከካርቦሃይድሬትና ከቅባት ይበልጥ ያጠግባል። ጉዱ ያለው መጥበሻው ላይ ነው፦ በዘይት ጢም ብሎ ሲጠበስ ዓሣው ሌላ ምግብ ይሆናል። ለብለቡና ጉላሹ ይሻላሉ። ሥጋና እንቁላል በየቀኑ መግዛት ለማይችል ደግሞ ምስር፣ ሽንብራና ቦሎቄ አሉ። ካርቦሃይድሬት ስላላቸው ኬቶ አይቀበላቸውም፤ እኔ ግን ከኬቶ ይልቅ እነሱን እመርጣለሁ። ፕሮቲንም አሰርም አላቸውና።

የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው አገራዊ የአመጋገብ መመሪያ አንዱንም ወገን አልመረጠም፤ የምግብ ዓይነት ማብዛትን፣ ዘይት፣ ስኳርና ጨው መቀነስን ይመክራል። ይህን ማድረጉ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። ውፍረቱ በከተማ ይበዛል። ለአንዷ «እንጀራ ቀንሺ» የሚለው ምክር የሚጠቅም ቢሆን ለሌላዋ የሚጎዳ ነው።

አንድ ወገን ግን ምክሩን ከጂም መቀበል የለበትም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ የስኳር ታማሚ እንጀራውን ድንገት ቢያቆም፣ ያው መድኃኒት ስኳሩን ከሚገባው በታች አውርዶ ሊያዝለፈልፈው፣ ራሱንም ሊያስተው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው የክትትል ካርዱን ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን ከምግቡ ጋር አብሮ መስተካከል አለበት።