የጓሳ ሣር ከሌለ ወፎቹም የሉም

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ዛፍ ብዙም የለበትም። ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ጅብራና ረግረግ ነው። ለመንገደኛ ጠፍ መሬት ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኙ ወፎች የሚፈለፈሉበት ምድር ነው።

ከነዚህ አንዱ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው። ሲቆም አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ ጀርባው ላይ ያሳርፋል። ረግረግ ዳር ሣር ይግጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለውም እዚያው መሬት ላይ፣ በሣሩ መሀል ነው። ሌላዋ የአንኮበር ሴሪን ናት፤ ቡናማ ዝንጉርጉር፣ ዘር ለቃሚ ትንሽ ወፍ። ከገደል አፋፍ ብዙም አትርቅም። ሳይንስ ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

መሬት ላይ ለሚፈለፈል ወፍ ሣሩ መኖሪያም መደበቂያም ነው። ከብት ያለ ገደብ ሲሰማራ ጎጆው ይረገጣል፤ እረኛ ተከትለው የሚመጡ ውሾችም እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ። የገብስ እርሻ ሽቅብ በገፋ ቁጥር ሜዳው ይጠባል፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ሲለቀም አፈሩ ይራቆታል። አየሩ ሲሞቅ የቆላ ወፍ ወደ ደጋ መውጣት ይችል ይሆናል፤ ተራራ አናት ላይ ያለው ግን ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም።

ዛፍ መትከል ሁልጊዜ መፍትሔ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ሜዳው ላይ ባሕር ዛፍ ቢተከል ተራራው ይለመልማል፤ የሣር ወፎቹ ግን ቤታቸውን ያጣሉ። በተራቆተ ገደላገደል ላይ መትከል መልካም ነው፤ ነባሩ ሣር ግን እንዳለ መጠበቅ አለበት።

የመንዝ ሰው ይህን ጥበቃ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚፈለግ ሣር ስለሆነ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ በሜዳው የመጠቀም መብት ያላቸው በመረጡት ኃላፊ ያስጠብቁት ነበር። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይከፈትና ሁሉም ያጭድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ለልቅ ግጦሽና ለእርሻ ተጋለጠ። በኋላ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚተዳደር የጥበቃ ቦታ ነው።

አባቶች ደንቡን ያወጡት ለወፍ ብለው አልነበረም። ሣሩ ሲያርፍ ግን ዝይዋ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች፤ ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚወርዱት ምንጮችም አይነጥፉም። ስለዚህ ጥበቃው እንዲዘልቅ ከተፈለገ ደንቡን የሚያወጣውም፣ የሚያስከብረውም፣ ከሜዳው የሚጠቀመውም እዚያው የሚኖረው ገበሬ መሆን አለበት። መንግሥትም ሆነ ጎብኚ የሱን መብት ሲያከብሩ ወፎቹንም ያተርፋሉ።